ኮምፒዩተር በኮምፒዩተር ውስጥ ሲያድር፤ ስለ ታላላቅ የማኅደረ ትውስታ ገጾች

(በራዲዮ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ማታ የምናገርበት ነገር ስሙን ሲሰሙት የሚያስፈራ ነው፤ ነገሩ ግን በመዝገብ ቤት ውስጥ ጥቂት ጊዜ ለሠራ ሰው ከቶ እንግዳ አይሆንበትም። ይኸውም አንድ ኮምፒዩተር በራሱ ውስጥ ሌላ ኮምፒዩተር ተቀብሎ በሚያስተናግድበት ጊዜ፤ ለእንግዳው የሚሰጠው መሣሪያ በምን ዓይነት መዝገብና በምን ያህል ስፋት ባለው መስመር እንደሚጻፍለት የሚመለከት ነው። ጕዳዩ ትንሽ መስሎ ይታያል። ነገር ግን እጅግ ብዙ ገንዘብ የወጣበት መሣሪያ ወዲያው ሥራውን ይጀምር፤ ወይስ ባለቤቱ የተበላሸ መስሎት እስኪያጠፋው ድረስ ያስጠብቅ የሚለውን የሚወስነው ይኸው ትንሽ ነገር ነው።

ይህን ንግግር እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝ አንድ የዘመዴ ልጅ ነው። ልጁ በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የኮምፒዩተሮች ክፍል ኀላፊ ነው። መሥሪያ ቤቱ ለከባድ ስሌት የሚያገለግሉ ስምንት የግራፊክስ ካርዶች ያሉበት ማሽን ገዝቶ ነበርና፤ ልጁ ካርዶቹን ሁሉ ለአንድ ምናባዊ ኮምፒዩተር ሰጥቶ ቢያስነሣው መስኮቱ ጨልሞ ምንም ሳይታይበት ቀረ። ጥቂት ጠበቀና አጠፋው፤ እንደገናም አስነሣው፤ አሁንም እንደዚያው ሆነ። በዚያው ማታ ወደ ቤቴ መጥቶ «ጋሼ፤ ይህን ያህል ገንዘብ የወጣበት ማሽን ሞቶብኛል፤ ነገ ለአለቃዬ ምን ብዬ እነግረዋለሁ?» አለኝ። ማሽኑ ግን አልሞተም ነበር፤ እየቈጠረ ነበር እንጂ። ምን ይቈጥር እንደ ነበረ ለማስረዳት ግን ከመሠረቱ መጀመር ያስፈልጋል።

የኮምፒዩተር ማኅደረ ትውስታ እጅግ ብዙ ትናንሽ ሣጥኖች እንደ ተደረደሩበት መደርደሪያ ነው፤ እያንዳንዱም ሣጥን የራሱ ቍጥር ወይም አድራሻ አለው። በመጀመሪያዎቹ ማሽኖች ላይ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው የሣጥኖቹን እውነተኛ ቍጥር እያወቀ ይጽፍ ነበር። በኤውሮጳውያን አቈጣጠር በ1962 ዓ.ም. (በዚህ ንግግር የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው) በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ በቶም ኪልበርን መሪነት የተሠራውና አትላስ የተባለው ኮምፒዩተር ሥራ ሲጀምር ይህ ልማድ ተለወጠ። በአትላስ ላይ ፕሮግራሙ የሚጠራው አድራሻ የይስሙላ አድራሻ ሆነ፤ ማሽኑ ራሱም ያንን አድራሻ ወደ እውነተኛው ቦታ እየተረጐመ ያደርሰው ጀመር። የሣጥኖቹን አድራሻ አንድ በአንድ መተርጐም የማይቻል ስለ ሆነ፤ ማኅደሩ 512 ቃላት በሚይዙ ገጾች ተከፋፈለ፤ ትርጕሙም በገጽ ሆነ። የእያንዳንዱ ገጽ የይስሙላ ቍጥርና እውነተኛ ቦታው ጎን ለጎን የሚጻፍበት መዝገብ የገጽ ሠንጠረዥ ይባላል።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ አይ.ቢ.ኤም. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሲስተም 360 ሞዴል 67 በተባለው ማሽኑ የገጹን ልክ 4096 ባይት፤ ማለት 4 ኪሎባይት አደረገው። ኢንቴልም በ1985 ዓ.ም. ባወጣው 386 በተባለው ፕሮሰሰሩ ይህንኑ ልክ ወሰደ። ዛሬም በብዙዎቹ ኮምፒዩተሮች ላይ ተራው ገጽ 4 ኪሎባይት ነው። በዚያ ዘመን የአንድ ማሽን ማኅደር በመቶ ኪሎባይቶች ይቈጠር ስለ ነበረ ልኩ ጥሩ ልክ ነበር፤ አንድ ሙሉ ሜጋባይት ቢኖር እንኳ በ256 መስመሮች ተጽፎ ያልቃል። ዛሬ ግን አንድ ቴራባይት ማኅደር ያለው አገልጋይ ኮምፒዩተር ብርቅ አይደለም። ይህንንም በ4 ኪሎባይት ገጽ ለመመዝገብ 268,435,456 መስመሮች ያስፈልጋሉ።

በቀድሞ ጊዜ መሬት በቀላድ እየተለካ በጋሻ ይመዘገብ እንደ ነበረ ሁላችን ሰምተናል። አንድ ጋሻ መሬት «ከወንዙ እስከ ኮረብታው ድረስ የእገሌ ነው» ተብሎ በአንድ መስመር ቢጻፍ፤ ጸሐፊው ብዕሩን የሚያነሣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያንኑ መሬት ግን በእርምጃ እየከፋፈለ «ይህም የእገሌ፤ ይህም የእገሌ» እያለ ቢጽፈው፤ ሐሰት ባይኖርበትም መዝገቡ ጋሪ ሙሉ ይሆናል፤ ጠያቂውም ሲጠብቅ ይመሽበታል። ታላቅ ገጽ ማለት መሬቱን በእርምጃ መጻፍ ትቶ በጋሻ መጻፍ ነው።

የገጽ ሠንጠረዥ አንድ ወጥ መጽሐፍ አይደለም። በዛሬዎቹ ባለ 64 ቢት ፕሮሰሰሮች ላይ ብዙውን ጊዜ በአራት ደረጃ የተከፈለ ነው፤ በየደረጃው ያለው መጽሐፍ 512 መስመሮች ሲኖሩት፤ የፊተኛው ወደ ሁለተኛው፤ ሁለተኛው ወደ ሦስተኛው፤ ሦስተኛውም ወደ አራተኛው ይመራል፤ አራተኛውም የገጹን እውነተኛ ቦታ ይናገራል። በሦስተኛው መጽሐፍ ላይ ቆሞ «ከዚህ በኋላ ያለው 512 ገጽ ሁሉ በአንድ ላይ ነው» ማለት ሲቻል የ2 ሜጋባይት ታላቅ ገጽ ይገኛል። በሁለተኛው ላይ ሲቆም ደግሞ 1 ጊጋባይት ይሆናል። ኢንቴል በ1993 ዓ.ም. ባወጣው ፔንቲየም ላይ የመጀመሪያው ታላቅ ገጽ 4 ሜጋባይት ነበረ፤ ባለ 1 ጊጋባይቱን ገጽ በ2007 ዓ.ም. ያመጣው ኤ.ኤም.ዲ. ነው።

ፕሮሰሰሩም ለእያንዳንዱ አድራሻ አራት መጽሐፍ እንዳይገልጥ፤ በቅርብ ጊዜ የተረጐማቸውን ገጾች የሚጽፍበት የኪስ ማስታወሻ አለው። ይህ ማስታወሻ በጣም ፈጣን ነው፤ ግን ጠባብ ነው። አንድ ሺህ መስመር ቢኖረው በተራው ገጽ 4 ሜጋባይት ያህል ብቻ ይሸፍናል፤ በ2 ሜጋባይት ገጽ ግን ያው ማስታወሻ 2 ጊጋባይት ያህል ይሸፍናል።

እንግዲህ ወደ እንግዳውና ወደ አስተናጋጁ እንምጣ። በአንድ ማሽን ውስጥ ብዙ ምናባዊ ኮምፒዩተሮችን ማሳደር አዲስ ጥበብ አይደለም። በአሜሪካ አገር በማሳቹሴትስ ክፍለ ግዛት፤ በካምብሪጅ ከተማ የነበሩ የአይ.ቢ.ኤም. ሠራተኞች በ1960ዎቹ ዓመታት ውስጥ ሲፒ-40፤ ቀጥሎም ሲፒ-67 የተባሉትን ሥርዐቶች ሠርተው ነበር፤ ኩባንያውም በ1972 ዓ.ም. ቪ.ኤም.-370 የተባለውን አወጣ። በትናንሾቹ ኮምፒዩተሮች ላይ ግን ነገሩ በደንብ የተቃናው ኢንቴል በ2005፤ ኤ.ኤም.ዲ. በ2006 ዓ.ም. ለዚሁ ሥራ የተዘጋጁ ፕሮሰሰሮችን ካወጡ በኋላ ነው። በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይም ኬ.ቪ.ኤም. የተባለው ክፍል በሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ውስጥ ገባና ሊኑክስ ራሱ አስተናጋጅ ለመሆን በቃ።

እንግዳው ኮምፒዩተር እንግዳ መሆኑን አያውቅም። እንደ ማንኛውም ባለቤት የራሱን የገጽ ሠንጠረዥ ይጽፋል፤ እውነተኛ ቦታ ብሎ የሚጽፈው ግን ራሱ የይስሙላ ነው። ስለዚህ አስተናጋጁ በበኩሉ ሁለተኛ ሠንጠረዥ ይይዛል፤ በዚህም የእንግዳውን አድራሻ ወደ ማሽኑ እውነተኛ አድራሻ ይተረጕማል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። እንግዳው አራቱን መጽሐፎቹን ሲገልጥ የየመጽሐፉ ቦታ ራሱ በአስተናጋጁ አራት መጽሐፎች መተርጐም አለበት። የኪስ ማስታወሻው ባዶ ሆኖ ቢገኝ፤ አንድ አድራሻ ለመተርጐም እስከ 24 ጊዜ መዝገብ መግለጥ ግድ ይሆናል። ሁለቱም ወገኖች የ2 ሜጋባይት ገጽ ቢይዙ ግን 24ቱ ወደ 15 ይወርዳል፤ የ1 ጊጋባይት ገጽ ቢይዙ ደግሞ 8 ብቻ ይቀራል። ታላቅ ገጽ ለማንም ይጠቅማል፤ ለእንግዳና ለአስተናጋጅ ግን ጥቅሙ እጥፍ ድርብ ነው።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ተራው ማኅደረ ትውስታ ነው። መሣሪያዎችም ግን በዚሁ የአድራሻ አገር ውስጥ ርስት አላቸው። የግራፊክስ ካርድ፤ የመረብ ካርድ፤ ፈጣን ዲስክ፤ እነዚህ ሁሉ ፕሮሰሰሩ የሚያነጋግራቸው በተወሰነ የአድራሻ መስኮት በኩል ነው። በዚያ መስኮት ውስጥ ቢጻፍ ጽሑፉ የሚደርሰው ለመሣሪያው እንጂ ለተራው ማኅደር አይደለም። የመስኮቱ ስፋት ሁልጊዜ በሁለት እየተባዛ በሚሄድ ልክ መሆን ስላለበት፤ 80 ጊጋባይት ማኅደር ያለው ካርድ ማኅደሩን በሙሉ በመስኮቱ ሊያሳይ ቢፈልግ 128 ጊጋባይት ስፋት ያለው መስኮት ይጠይቃል። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በሊኑክስ ውስጥ ቪ.ኤፍ.አይ.ኦ. የተባለ ክፍል አለ፤ ሥራውም መሣሪያን ከነመስኮቱ ለእንግዳ ኮምፒዩተር በቀጥታ ማስረከብ ነው። መሣሪያው ወደማይገባው ማኅደር እጁን እንዳይዘረጋም አይ.ኦ.ኤም.ኤም.ዩ. የተባለ ዘበኛ፤ ሦስተኛ ሠንጠረዥ ይዞ በር ላይ ይቆማል።

እንግዲህ የዘመዴ ልጅ ማሽን ምን ይቈጥር እንደ ነበረ ማስላት እንችላለን። አንድ 128 ጊጋባይት መስኮት በ4 ኪሎባይት ሲከፈል 33,554,432 ገጽ ነው። ስምንቱ ካርዶች አንድ ላይ አንድ ቴራባይት ይሆናሉ፤ ይኸውም አስቀድሜ የጠራሁት 268,435,456 ነው። አንዱ መስመር 8 ባይት ስለሚወስድ፤ መስኮቶቹን ብቻ የሚመዘግበው አንድ ሠንጠረዥ 2 ጊጋባይት ይበላል። በ2 ሜጋባይት ቢጻፍ 524,288 መስመር፤ በ1 ጊጋባይት ቢጻፍ 1024 መስመር ብቻ በበቃ ነበር።

አሁን አድማጭ «ታዲያ በታላቅ ገጽ የማይጻፍበት ምክንያት ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ትክክል ነው፤ የነገሩም አስደናቂነት እዚህ ላይ ነው። ለታላቅ ገጽ ከሁሉ ይልቅ የሚስማማው የመሣሪያ መስኮት ነው። ተራው ማኅደር ይቈራረሳል፤ ዛሬ ለአንዱ፤ ነገ ለሌላው ይሰጣል፤ ሲጠብም ወደ ዲስክ ይወጣል። እንግዳው ኮምፒዩተር እየሠራ ሳለ ወደ ሌላ ማሽን እንዲዛወር ሲፈለግም፤ የትኛው ትንሽ ገጽ እንደ ተለወጠ ለማወቅ ታላቁን ገጽ መሰባበር ግድ ይሆናል። የመሣሪያ መስኮት ግን አይቈራረስም፤ ወደ ዲስክ አይወጣም፤ ከቦታው አይነቃነቅም፤ የሚጀምርበት እውነተኛ አድራሻም ከስፋቱ ልክ ጋር የተስተካከለ ነው። ሲሰጥም በሙሉ ይሰጣል፤ ሲነሣም በሙሉ ይነሣል። እንዲህ የተመቸ ሆኖ ሳለ ታላቅ ገጽን በመጨረሻ ያገኘው እሱ ነው።

ምክንያቱ የአሠራር ደንብ ነው። በሊኑክስ ውስጥ ለእያንዳንዱ ተራ የማኅደር ገጽ 64 ባይት ያህል የሚሆን የግል ማኅደር ይከፈትለታል፤ ገጹን ስንት ተጠቃሚ እንደ ያዘው፤ ንጹሕ ይሁን የተጻፈበት፤ ሁሉም እዚያ ይሰፍራል። በ2011 ዓ.ም. በሊኑክስ ውስጥ የገባውና ተጠቃሚው ሳይጠይቅ ታላቅ ገጽን የሚሰጠው ሥርዐት የተሠራው በዚህ የግል ማኅደር ላይ ተመሥርቶ ነው። የመሣሪያ መስኮት ግን ተራ ማኅደር ስላልሆነ ብዙውን ጊዜ የግል ማኅደር የለውም፤ ቍጥር ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሲመጣ «ማኅደርህ የት አለ?» ተባለ፤ «የለኝም» ቢል «እንግዲያው በጅምላ አናስተናግድህም፤ አንድ በአንድ ተሰለፍ» ተባለ። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ደንቡ በወጣ ጊዜ የመሣሪያዎች መስኮት ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ስለ ነበረ ወረፋው ማንንም አላስለቀሰም። ካርዶቹ እየሰፉ ሲሄዱ ግን ደንቡ ባለበት ቆየ።

አስተናጋጁም በበኩሉ አንዱን ስሕተት በሌላው ላይ ገነባ። ኬ.ቪ.ኤም. ለእንግዳው የሚጽፈውን ሁለተኛውን ሠንጠረዥ ሲያዘጋጅ፤ በኢንቴልና በኤ.ኤም.ዲ. ማሽኖች ላይ «አስተናጋጁ ራሱ ይህን ቦታ በምን ልክ መዝግቦታል?» ብሎ ይመለከታል፤ አስተናጋጁ በትንሽ ገጽ ከመዘገበው እሱም በትንሽ ይመዘግባል። የአርም ፕሮሰሰሮችን የሚመለከተው የኬ.ቪ.ኤም. ክፍል በ2021 ዓ.ም. ከዚህ ልማድ ወጣ፤ የአስተናጋጁን መስመሮች ትቶ የመስኮቱን አጠቃላይ ይዞታ በማየት መሣሪያን በታላቅ ገጽ መመዝገብ ጀመረ። በሌሎቹ ግን ወረፋው ቀጠለ።

በመካከሉም በ2020 ዓ.ም. አንድ አስፈላጊ የጥንቃቄ ደንብ ተጨመረ። እንግዳው የመሣሪያውን መስኮት ዘግቶ ሳለ አንድ ሰው በዚያ መስኮት ሊያነብ ቢሞክር፤ በአንዳንድ ማሽኖች ላይ አስተናጋጁ ሳይቀር ይወድቃል። ስለዚህ መስኮቱ በተዘጋ ቍጥር መስመሮቹ ሁሉ ከሠንጠረዡ እንዲፋቁ፤ ሲከፈትና ሲጠየቅ ደግሞ እንደገና እንዲጻፉ ተወሰነ። ውሳኔው ትክክል ነው፤ በዚህ የምከራከር አይደለሁም። ነገር ግን እንግዳ ኮምፒዩተር በሚነሣበት ጊዜ የየመሣሪያውን መስኮት ስፋት ለመለካት ይዘጋዋል፤ ይለካዋል፤ ይከፍተዋል። አስቀድሞ የማስነሻው ፕሮግራም ይህን ያደርጋል፤ ቀጥሎም ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ራሱ ይደግመዋል። በእያንዳንዱም ጊዜ ያ ሁሉ ሠላሳ ሦስት ሚሊዮን መስመር ይፋቃል፤ እንደገናም ይጻፋል። የዘመዴ ልጅ ጨለማ መስኮት ይህ ነበር።

መፍትሔው የመጣው በኅዳር 2024 ዓ.ም. በወጣው 6.12 በተባለው የሊኑክስ እትም ነው። በዚህ እትም ውስጥ በሦስተኛውና በሁለተኛው መጽሐፍ መስመሮች ላይ አንዲት ልዩ ምልክት እንድትጻፍ ተደረገ፤ ትርጕሟም «ይህ መስመር የግል ማኅደር የሌለው ነው፤ ማኅደሩን ፈልገህ አትድከም» ማለት ነው። ምልክቲቱ በተራው ትንሽ ገጽ ላይ ከብዙ ዓመት ጀምሮ ትሠራ ነበር፤ ወደ ታላላቆቹ መስመሮች እስክትወጣ ግን ይህን ያህል ጊዜ ፈጀ። ከዚያ በኋላ ቪ.ኤፍ.አይ.ኦ. መስኮቱን በ2 ሜጋባይት ወይም በ1 ጊጋባይት መጻፍ ቻለ፤ ኬ.ቪ.ኤም.ም አስተናጋጁን አይቶ እንዲሁ አደረገ።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። በመጀመሪያ፤ ታላቅ መስመር የሚጻፈው የይስሙላው አድራሻም እንደ እውነተኛው በልኩ ሲጀምር ብቻ ነው። ኪው.ኢ.ኤም.ዩ. የተባለውና ምናባዊውን ኮምፒዩተር የሚያቆመው ፕሮግራም መስኮቱን ባገኘበት ክፍት ቦታ ያኖረው ነበር፤ ቦታውም ከልኩ በጥቂት እንኳ ቢያዘነብል እንደገና ወደ ትንሽ ገጽ መመለስ ግድ ነው። በዚያው በ2024 መጨረሻ መስኮቱን በልኩ እንዲያስቀምጥ ተደረገ።

ሁለተኛው ከሁሉም ይልቅ ያስገርመኛል። መሣሪያዎች እርስ በርሳቸው እንዲነጋገሩ፤ የአንዱ ካርድ መስኮት በዘበኛው በአይ.ኦ.ኤም.ኤም.ዩ. ሠንጠረዥ ላይም ይጻፋል። ይህ ሦስተኛው ሠንጠረዥ በታላቅ መስመር መጻፍን ድሮም ያውቅ ነበር። ነገር ግን ጸሐፊው ታላቁን መስመር ከመጻፉ በፊት ቦታው የተያያዘ መሆኑን ማረጋገጥ ነበረበት፤ ለማረጋገጥም ገጾቹን አንድ በአንድ እየጠራ «አንተ ከጎረቤትህ ጋር ተያይዘሃል?» እያለ ይጠይቅ ነበር። ከ6.12 በኋላም ልማዱን አልተወም። መሬቱ በጋሻ ተመዝግቦ ሳለ፤ መርማሪው መዝገቡን በእጁ ይዞ በእርምጃ ይለካው ነበር ማለት ነው። በ2025 ዓ.ም. ይህ ታረመ። አሁን መርማሪው «አንተ የቆምህበት መስመር ስፋቱ ስንት ነው?» ብሎ አንድ ጊዜ ይጠይቃል፤ ከዚያም እስከ መስመሩ ዳር ይዘላል። የ128 ጊጋባይት መስኮት በ1 ጊጋባይት መስመር ከተጻፈ፤ ሠላሳ ሦስት ሚሊዮኑ ጥያቄ 128 ጥያቄ ይሆናል።

ይህን ስናገር ታላቅ ገጽ እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። በአንዳንድ መሣሪያዎች መስኮት መካከል፤ መሣሪያው ፕሮሰሰሩን የሚጠራበት የጥሪ ሠንጠረዥ ይገኛል። ይህ ሠንጠረዥ በአስተናጋጁ እጅ መቆየት ስላለበት፤ እንግዳው እንዳይነካው ተለይቶ ይወጣል። በጋሻው መካከል የቤተ ክርስቲያን ቦታ ቢኖር «ከወንዙ እስከ ኮረብታው የእገሌ ነው» ብሎ መጻፍ እንደማይቻል ሁሉ፤ ይህ ጥቂት ኪሎባይት ብቻ የሆነ ቦታ በዙሪያው ያለውን ታላቅ ገጽ ወደ ትናንሽ ገጾች ይበትነዋል። ካርድ የሚሠሩ ሰዎች ሠንጠረዡን በተለየ ትንሽ መስኮት ቢያኖሩት ይሻላል፤ ብዙዎቹም እንዲሁ ያደርጋሉ።

ከበድ ያለው አደጋ የታየው ደግሞ በኅዳር 2019 ዓ.ም. ነው። በብዙ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ላይ፤ ትእዛዝ የሚነበብበት ገጽ ልኩ ከትንሽ ወደ ትልቅ ወይም ከትልቅ ወደ ትንሽ ሲለወጥ፤ በኪስ ማስታወሻው ላይ ስለ አንድ ቦታ ሁለት መስመር ሊገኝ፤ ማሽኑም ግራ ተጋብቶ ጨርሶ ሊቆም እንደሚችል ተገለጠ። ስለዚህ አንድ ክፉ እንግዳ ሆን ብሎ ይህን ቢያደርግ፤ አስተናጋጁንና በውስጡ ያደሩትን ሌሎች እንግዶች ሁሉ ይጥላል። የኬ.ቪ.ኤም. ሰዎች ያገኙት መላ በታላቅ ገጽ ውስጥ ትእዛዝ እንዳይፈጸም መከልከል ነው፤ እንግዳው ትእዛዝ ለማስፈጸም የሚፈልግበት ገጽ ሲኖር ያ ገጽ ይሰበራል። ተራው ማኅደር በዚህ ምክንያት ታላላቅ ገጾቹን በከፊል ያጣል። የመሣሪያ መስኮት ግን መረጃ የሚተላለፍበት እንጂ ብዙውን ጊዜ ትእዛዝ የሚፈጸምበት ስላልሆነ፤ እገዳው አይነካውም። በዚህም በኩል ታላቅ ገጽ ከማንም ይልቅ ለመሣሪያ የተመቸ መሆኑ ታየ።

የዘመዴ ልጅ ከዚያች ማታ በኋላ አለቃውን አስፈቅዶ የአስተናጋጁን ሊኑክስና ምናባዊውን ኮምፒዩተር የሚያቆመውን ፕሮግራም በ2025 በወጡት እትሞች ተካቸው። ካርዶቹ እነዚያው ናቸው፤ አንድ ብር እንኳ አልተጨመረም። መስኮቱም ልጁ ወንበሩን ስቦ ሳይቀመጥ በራ። እኔ ግን አንድ ነገር ጠየቅሁት፤ «መጀመሪያ ስታስነሣው ሳታጠፋው ብትጠብቅ ኖሮ ይነሣ ነበርን?» አልሁት። ጥቂት አሰበና «ይነሣ ነበር፤ ጋሼ» አለኝ። በዚያው ክፍል ውስጥ ሁለት የቈዩ ማሽኖች አሉ፤ ሻጫቸው አዲሱን እትም ገና አላጸደቀላቸውም። ልጁ በነዚህ ላይ እንግዳ ሲያስነሣ በመጀመሪያ መዝገቡን ከፍቶ የመስኮቶቹን ስፋት በ4 ኪሎባይት ያካፍላል፤ የሚጠብቅበትንም ጊዜ ገምቶ ወደ ሌላ ሥራው ይሄዳል።